የሉማሜ ቃለ ጉባኤ

የአዳራሹ ቁልፍ የለም አሉን፤ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤
የማን ለቅሶ ብንል ስም ጠሩ፤ ሟቹ ጠዋት በቅሎ ነግዷል።
ስለዚህ ከወፍጮው ጀርባ የእድሩ እቃ ቤት ገባን፤
ቃሬዛውን ጥግ አስጠጋን፣ ድስት ደፍተን ወንበር ገነባን።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የኖርኩ፣
ካርቦን በወረቀት መሀል ሳስገባ ጣቴን ያጠቆርኩ።
የስብሰባን ጠባይ አውቃለሁና፣ ገና ሰው ሳይጠራቀም፣
‹በሙሉ ድምፅ ጸደቀ› ብዬ ጻፍኩ በደማቅ ቀለም።
ለጊዜ ቁጠባ ነው። ክፋት የለውም። ልማድ ነው።

ሃምሳ ስምንት አባል አለን፤ ደንቡ ሠላሳ ይላል።
ሃያ ዘጠኝ ተቆጠርን። ሃያ ዘጠኝ። አንድ ሰው ይጎድላል።
ሊቀ መንበሩ፣ አቶ ምንይችል፣ እንደ አውራ ዶሮ ቆሞ
ቆጠረን፤ ወፍጮው ሲያጓራ ጠፋበት፤ ቆጠረን ደግሞ።
ከማእከል የመጣው ልጅ ሰዓቱን አየ፤ ጫማው ጭቃ ነክቷል፤
ሳይመሽ ደጀንን ማለፍ አለበት፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል።

«ወይዘሮ አንጓችስ?» አለ አንዱ። «በርበሬዋን ጥላ ትመጣለች?»
«መዋጮ አጓድላ አታውቅም፤ ገበያው ሲፈታ ትደርሳለች።»

ጠበቅን። ዝናብ ቆርቆሮውን ወቃው። መብራት ሄደ፤ መጣ።
ሚዛኗን ታቅፋ ገባች፤ የበርበሬ ብናኝ ከነጠላዋ ወጣ፤
ጉባኤው በሙሉ ድምፅ አስነጠሰ።
(ይህ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።)

የማእከሉ ልጅ ወረቀት ዘርግቶ፣ «ለባሕር ዳሩ ጉባኤ»
ብሎ አምስት ስም አነበበ፣ ራእይ እንዳየ ሰው ከሱባኤ።
ሁለቱን አናውቃቸውም። አንዱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው።
አንዱ የምንይችል አማች ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ይኸው።

«የምትደግፉ?» አለ። እጃችን ወጣ፣ አንድም ጥያቄ ሳይነሳ፤
እጅ መንሳት የለመደ ክንድ መች ይከብደዋል እጅ ሲያነሳ።

ሃያ ዘጠኝ እጅ። የአንጓች እጅ ሚዛኗ ላይ ነበር።
«እኔ በርበሬ ስገዛ፣» አለች፣ «የጆንያው አፍ ሳይፈታ ዋጋ አልናገር።
ላዩ ዛላ፣ ታቹ ድንጋይ፣ ስንቴ ተሸወድኩ መሰላችሁ፤
እነዚህ አምስት ጆንያዎች እነማን ናቸው? ማን ፈትሾ አመጣላችሁ?»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ወፍጮውም ያኔ ቆመ፤
ዝምታው ከጫጫታው ይልቅ ጆሯችንን አሳመመ።
«ጊዜ የለንም፣ እናቴ» አለ የማእከሉ ልጅ በትሕትና፤
«እኔም የለኝ፤ ግን ገበያዬን ጥዬ መጥቻለሁና፣
ጸሐፊ፣ የጻፍከውን አንብብልኝ፤ ፊደል ባልቆጥር ጆሮ አለኝ።»
አነበብኩ። ‹በሙሉ ድምፅ› ላይ ስደርስ ምራቄ አነቀኝ።

«መቼ ነው የጻፍከው?»
«ጠዋት።»
«እኔ ሳልመጣ?»
«ሳትመጪ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አላስገባሁም፤
በዚያ ቅዳሜ ሰረዝኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልደበቅሁም።
ካርቦን ጨካኝ ነው፤ ስርዙን እስከ ሦስተኛው ቅጂ አሳልፎ
ስሜንም ከነአባቴ መታው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ገርፎ።

ከወፍጮ ቤቱ ባቄላ ለምነን በእድሩ ድስት ድምፅ ሰጠን፤
አንዱ ሁለት ፍሬ ሲጥል ተያዘ፤ እንደገና ጀመርን፣ ምለን ቆርጠን።
በእጅ ስልክ መብራት ተቆጠረ።
ከአምስቱ አማቹ ብቻ አለፈ፤ ሰው ይወደዋል፣ ምን ይደረግ፤
ልብስ ሰፊው ልየው ተጨመረ፣ እየማለ፣ ሳይፈልግ።
እኔ አልተመረጥኩም። አንጓችም በአንድ ፍሬ ወደቀች፤
«ገበያዬ ተረፈ» ብላ ሚዛኗን ታቅፋ ሳቀች።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ ከማእከል፦ ‹ስርዝ ድልዝ
ያለበት ቃለ ጉባኤ አይሠራም፤ ንጹሕ ቅጂ ይላክ፣ በትእዛዝ።›
ንጹሕ ወረቀት አለኝ። ካርቦንም አለኝ። ጊዜም አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አንጓች «ላክኸው?» ትለኛለች።
«ገና ነው» እላታለሁ።
በርበሬዬን ትመዝናለች፤
ሚዛኑ ልክ ከቆመ በኋላ ምርቃት ትጨምርልኛለች።